ፈት የማትነካው ቸርኬ

መኪና የሚታየው ከእግሩ ነው። አካሉንማ ባልዲ ያነሳ ሁሉ ያጥበዋል። ጎማው የተጠመጠመበት ብረት፣ ቸርኬው፣ የፍሬን ሸራ ብናኝ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲጠቁር፣ የጭስ ማውጫው፣ የማርሚታው፣ ጫፍ ጥላሸት ሲጋግር፣ ያኔ ነው የአጣቢ ልኩ የሚታወቀው። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ጣና ዳር ባለ ላቫጆ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ከመኪና እግር ሥር ተቀምጬ ኖርሁ። ስቀጠር "ሴት ናት፣ ምንጣፍ ትጠብ፣ ወንበር ትጥረግ" ነበር የተባለው። አጠብሁ፣ ጠረግሁ። አንድ ቀን ግን ወንዱ ሁሉ ተሰብስቦ ከአንድ የማርሚታ ጫፍ ጋር ሲታገል ዋለና ቢያቅተው፣ በማግስቱ ከቤቴ የተነፋ አመድና ሎሚ ይዤ መጣሁ። ድስት መሰለሽ እንዴ ብለው ሳቁብኝ። ድስት ነዋ! እሳት የጠበሰው ብረት ሁሉ ድስት ነው። ከዚያ ወዲህ ቸርኬና ማርሚታ የእኔ ሆነ፤ ደንበኛውም መኪናውን ሳያቆም "ሴትዮዋ አለች?" እያለ መጠየቅ ጀመረ።

ሥራዬ ችኮላ አይወድም። ከጎንደር መንገድ የመጣ መኪና ቸርኬው ፍም ነው፤ ውሃ ሲደፉበት ይንጫጫል። ስለዚህ ባለመኪናው ቢቆጣም ባይቆጣም መጀመሪያ ይብረድ ብዬ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በሳሙና አርሼ፣ በብሎኖቹ ዙሪያ የተቀረቀረውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየፈለፈልሁ አወጣለሁ። መጨረሻ ላይ ፖሊሹን በጥጥ ጨርቅ እያሸሁ እያሸሁ፣ ብረቱ ላይ ጥርሴን ካላየሁ አልነሳም። የሥራ ጓደኞቼ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ይተርቡኛል። እኔም ወረቀት ከመባል ሞኝ መባል ይሻለኛል እላቸዋለሁ።

አንድ መኪና ብቻ ነበር የማይሰጠኝ፤ የሙሽራ መኪና። ጥር ሲገባ ሚዜዎች መኪናቸውን እየነዱ ይመጣሉ፤ ያኔ ተነሽ እባላለሁ። ጎማው የሙሽራዋ እግር ነው ይላሉ፤ ወደ አዲሱ ቤቷ የሚያስገባት እሱ ነው፤ ፈት የነካው እግር ደግሞ ቤት አያጸናም። ማን እንደጀመረው አላውቅም። መጽሐፍ ላይ የለም፣ ቄስ ሲያስተምረውም አልሰማሁ። ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ላቫጆው ውስጥ ትዳሩ የጸና ሰው ተፈልጎ ቸርኬው ለእሱ ይሰጣል፤ እኔ ምንጣፍ አራግፋለሁ።

ፈት ይሉኛል። ልብ አድርጉልኝ፣ እኔ አልተፈታሁም፤ ፈታሁ እንጂ። እጁ ከአፉ የሚቀድም ባል ነበረኝ። ልጄ ገና ዳዴ ሳትል፣ ጨርቄን ማቄን ሳልል፣ አዝያት ወጣሁ። ያን ቀን ያዘንሁበት ጊዜ የለም፤ ዛሬም አላዝንበትም። ሆኖም ጥር በመጣ ቁጥር ተነሽ ሲሉኝ እነሳ ነበር። እንጀራዬ ነው፣ ሆድ ይፍጀው እያልሁ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ እነሱም ቆረጡ።

ልጄ በዚህ እጅ አደገች። በዚህ እጅ ስል የፍሬን ብናኝ ከጥፍሩ ሥር የማይወጣ እጅ ማለቴ ነው። ፔዳ ዩኒቨርሲቲ ተማረች፣ ቢሮ ገባች፣ የምትወደውንም አገኘች። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ ክፉ አልናገርበትም። ዘመዶቹ የእንፍራንዝ ሰዎች ናቸው፤ አባቱ በሕይወት ስለሌሉ የቤተሰቡ ራስ አጎቱ ናቸው። እሳቸው ናቸው ሽማግሌዎቹን አስከትለው ልጄን ሊጠይቁ የመጡት። ጋቢያቸው የማይጨማደድ፣ ንግግራቸው የተለካ፣ ሲያዩዋቸው የሚያስነሱ ሰው ናቸው። ሁሉም ነገር በሰላም አለቀ። መጨረሻ ላይ፣ ከእርስዎ የሚፈለግ ነገር ካለ ይንገሩን አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ ለመንሁ። ልጄን የሚወስደውን መኪና ቸርኬ እኔ ላሳምረው አልሁ። ለዓመታት የሌላ ሰው መኪና ሳብለጨልጭ ኖሬ፣ የልጄ ተራ ሲደርስ እጄን አጣጥፌ ላይ ነው? እጄ ያለበት ነገር ይዟት እንዲሄድ ፈለግሁ፤ በቃ ይኸው ነበር። እሳቸው ፈገግ አሉ። የሙሽራ እናት ደግሞ በሠርጓ ሰሞን ምን ሥራ አላት፣ እርስዎ ይረፉልን እንጂ አሉኝ። ሽማግሌዎቹም እውነት ነው፣ ይረፉ፣ ይረፉ ተባባሉ። ይህች "ይረፉልን" የምትባል ቃል ስንት ጉድ ትሸፍናለች! ገባኝ፤ ግን እንግዳ ናቸውና ጠላ ጨመርሁላቸው።

የሠርጉ ዋዜማ ጠዋት የላቫጆው ባለቤት ደወሉልኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ውሸት ግን አይችሉበትም። ዛሬ እንዳትመጭ፣ ሥራ የለም፣ እቤትሽ እረፊ አሉኝ። እንደምመጣም አልነገርኋቸው፤ ፈቃድ ከወሰድሁ ሰንብቻለሁ። ያልመጣሁትን አትምጭ ሲሉኝ ነገሩ ግልጥ ሆነልኝ።

"ጋሼ፣ መኪናው እዚያ ነው?" አልኋቸው።

እ... እ... እያሉ ይስሉ ጀመር። ስልኩን ዘጋሁና ጫማዬን ማጥለቅ ጀመርሁ።

ግቢው ሽንኩርት በሚልጡና ዶሮ በሚገነጥሉ ሴቶች ሞልቷል። ታላቅ እኅቴ ቢላዋ እንደያዘች በር ላይ ቆመችብኝ። የሠርግ ቤት ጥለሽ ጎማ ልታጥቢ ነው? ደግሞ ባህሉን እያወቅሽ? ሰው ምን ይላል? አለችኝ። ሰው ስለ እኔ ያላለው ምን ቀረው ብዬ በጎኗ አለፍሁ። እሷም መንገዱን ለቀቀችልኝ እንጂ አልተከተለችኝም።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ላቫጆው ገባሁ። መኪናው ነጭ ነው፤ አካሉ ታጥቦ ውሃው እየተንጠባጠበ ቆሟል። ቸርኬው ግን ገና አልተነካም፤ የእንፍራንዝ አቧራ እንዳለ አለበት። ትዳሩ የጸና ተብሎ የተመረጠው ባልደረባዬ ብሩሹን ይዞ ሲያየኝ፣ በርጩማውን በእግሩ ገፋ አድርጎ አቀበለኝ። ባለቤቱ ወደ ቢሯቸው ገቡ። እኔም ቁጭ ብዬ ጀመርሁ።

እንዲያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። የፊተኛውን ቀኝ ጨረስሁ፣ ግራውን ጨረስሁ፣ ወደ ኋላ ዞርሁ። ደስታ ነበር የተሰማኝ፤ ንዴትም አልነበረም፤ እንዲያው እያዜምሁ ሁሉ ነበር። የማርሚታውን ጫፍ ልጀምር አመዱን በሎሚ ስለውስ ባጃጅ ቆመና አጎትየው ወረዱ። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም። አልጮኹም፤ የተለካ ሰው ናቸው አላልሁም? አጠገቤ መጥተው ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለልጅዎ ብለን እኮ ነው፤ ክፉ ነገር እንዳይከተላት።"

"ከክፉው ነገር አዝዬ ያወጣኋት እኔ ነኝ፤" አልኋቸው ቀና ሳልል። "ያን ጊዜ ይህች እጅ አትንካት ያለ ሰው አልነበረም።"

ስልካቸውን አወጡ። ለልጄ ደወሉላት። እናትሽ መኪናው ጋ ናቸው፣ እኛ ብንል አልሰማ አሉ፣ አንች ንገሪያቸው ብለው ድምፁን ከፍ አድርገው ወደ እኔ አስጠጉት። ከወዲያ የፀጉር ማድረቂያው ጩኸት ይሰማል። ልጄ ማድረቂያውን አስጠፋች።

"እማ፣ በናትሽ ተይው፤" አለችኝ።

 ከሰው ሁሉ ይህን ጠብቄ ነበር፤ ከእሷ ግን አልጠበቅሁም። እጄ ጨርቁን እንደያዘ ማርሚታው ላይ ቀረ። ለእሷ ብዬ ነው የምለፋው፣ ለእሷ ብዬ ነው ከሰው ጋር የምጋጨው፣ እሷ ተይው ካለች እንግዲህ ለማን ነው? ይህን ሳስብ አፌ ራሱ መለሰ።

"ለአንች የማደርገው መስሎኝ ነበር፤" አልኋት። "ለካ ለእኔ ነው። እንግዲህ ቻይኝ፣ ልጄ።"

ስልኩ ተዘጋ፤ እሷ ትዝጋው እሳቸው አላየሁም። አጎትየው እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አግብተው ቆሙ፤ እኔም በፊታቸው የማርሚታውን ጫፍ የማቅረቢያ ዕቃ እስኪመስል ወለወልሁት። ስጨርስ ሹፌሩን ጠርተው መኪናውን ይዘው ሄዱ። አላመሰገኑኝም፤ አልሰደቡኝምም።

ያን ቀን ከሰዓት ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሽንኩርት ላጥሁ። አለቀስሁ፤ በሽንኩርቱ አሳበብሁ። ፈርቼም ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? አጎትየውን አልፈራኋቸውም፤ ሰውንም አልፈራሁ። ነገ ልጄ ከቤቴ ስትወጣ ዓይኔን ሳታየኝ ብትሄድስ? አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ባል ትቶ መኖር ይቻላል፤ ኖሬ አይቸዋለሁ። ያለ እሷ ግን እንዴት እንደሚኖር አላውቅም። ይህን እያሰብሁ እንኳ ተመልሰሽ ቸርኬውን ተይው ቢሉኝ አልተወውም ነበር።

በማግስቱ ልጄ ሚዜዎቿ ጋ ለብሳ ተቀምጣ፣ እኔ ከእንግዳው ጋር ስባክን፣ ሳንነጋገር ረፈደ። የሙሽራው መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ መጡ። የሠፈራችን ወጣቶች በር ዘግተው ከሚዜዎቹ ጋር ሲጨቃጨቁ፣ እኔ በጎን በር ወጥቼ መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ነጩ መኪና ነው። ሙሽራውን እንኳ ገና አላየሁትም። ዓይኔ የሚፈልገው ቸርኬውን ነበር።

ቸርኬው ተበላሽቷል። ከላቫጆው ሲወጣ መስታወት የነበረው ብረት ላይ፣ አራቱም ላይ፣ የደረቀ የውሃ ጠብታ ነጥቦበት ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መስሏል። የተወለወለ ብረት ላይ ውሃ ረጭተው ሳይጠርጉ ማሳደር ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አካሉ ላይ አንድ ጠብታ የለም፤ የተረጨው እግሩ ብቻ ነው። ሹፌሩን ማን ነው እንዲህ ያደረገው አልሁት። አንገቱን ደፋ።

"ማዘር፣ ጠበል ነው። እርስዎ ከነኩት በኋላ አጎትየው አስረጭተውበት ነው። እንዳይጠረግም ተብያለሁ።"

ደሜ ፈላ። ጠበል የሚረጨው ርኩስ መንፈስ ላለበት አይደል? እኔ ነኝ ርኩሷ? ረቡዕ ዓርብ የምጾም፣ ልጄ ባተኮሳት ቁጥር ለዚሁ ጠበል በለሊት የተሰለፍሁ ሰው፣ የእጄ ዳና ነው በጠበል የሚታጠበው? ልጮህ አፌን ከፈትሁ። ከዚያ መልሼ ዘጋሁት። ውሃው ምን አጠፋ? ጠበል ጠበል ነው፤ እዚህ ይረጭ ያሉት ግን ሰው ናቸው። የተባረከ ነገር መኪና እግር ላይ ደርቆ ከሚቀር ለእኔ ቢሆን ምን አለበት?

በጥልፍ ቀሚሴ መሬት ላይ ተንበረከክሁ። የነጠላዬን ጥለት ያዝሁና፣ ጠብታውን በትንፋሼ እያራስሁ ጠረግሁት። ከብሎኖቹ ሥር ያልደረቀ እርጥበት ነበር፤ ነጠላዬን እሱ ላይ አስነክቼ፣ በስመ አብ ብዬ ፊቴን አበስሁበት። ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ ሁለት እጄን። አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው በጉልበቴ ሄድሁ፤ እዚያም ጠረግሁ፣ እዚያም ፊቴን አበስሁ። በሩ ላይ ያለው ጭቅጭቅ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። እልል ስትል የነበረች አንዲት ሴት መሐል ላይ አቋረጠችው። አጎትየው ከሰው መሐል ወጥተው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ እኔ ግን ሥራ ላይ ነኝ፤ ለማንም ቀና አላልሁ።

በሩ ተከፈተና ልጄ ወጣች። ቬሎዋ ነጭ ነው፤ ክንዷ በሙሽራው ክንድ ነው። ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚያይ ተከትላ አየችኝ። እናቷ በሠርጓ ቀን፣ በዘመድ አዝማድ ፊት፣ በጉልበቷ ጎማ ሥር። ሙሽራው ሊያነሳኝ ይሁን ሊከልለኝ አንድ እርምጃ ጀመረ፤ እሷ ያዘችው። እኔም ጠበቅሁ። ተይው ትለኛለች ብዬ ነው የጠበቅሁት። ብትለኝም እንደማልተው አውቅ ነበር።

ክንዷን ከሙሽራው ለቀቀች። ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ በአጎትየው ፊት አልፋ፣ መኪናውን ዞረች። ከወዲያ በኩል ካለው ከኋላው ጎማ አጠገብ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ቸርኬውን አየችው።

"እማ፣" አለችኝ፣ ሁሉም እየሰማ፤ "እዚህም ቀርቶሻል።"