መሪው ላይ ያልነበረችው መቆንጠጫ

ማርሊስ ኦበርሊ የምታድርበትን ቦታ የምትመርጠው እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ቤት በሆነ መኪና የሚዞር ሰው ሁሉ ጥላ ይፈልጋል፣ ውሃ ይፈልጋል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚታይበትን አቅጣጫ ይፈልጋል። እሷ ግን ስልኳን ወደ ላይ ዘርግታ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ኔትወርኩ ሞልቶ ሲታያት "እዚህ ጋ አቁም" ትላለች። እዚህ ጋ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የሱፐርማርኬት ጀርባ ነው።

"ሰው ቤቱን ሸጦ መኪና የሚገዛው ተራራ ሊያይ ነው" ይላታል ባሏ ዴልመር። "እኔ አሪዞና ድረስ መጥቼ የቆሻሻ ገንዳ አያለሁ።"

"ረቡዕ ይለፍና ተራራህን ታያለህ።"

"ረቡዕ መቼ አልፎ ያውቃል? አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርሊስ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ኬልሰን በምትባል ትንሽ ከተማ የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ከተማው የሚያውቃት ግን በአውቶቡሱ ሳይሆን በረቡዕ ማታው ቢንጎ ነው፤ ቁጥር ሲጠራ ሰው ካርዱን እየሞላ የሚወዳደርበት ጨዋታ። ቁጥር ጠሪዋ እሷ ነበረች። ኳሷን ከሽቦ ቅርጫቱ ታወጣለች፣ ለአዳራሹ ታሳያለች፣ ቁጥሩን ትጠራለች፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ደግሞ አንድ ነቆራ አላት። "ስልሳ ስድስት፤ የፓስተራችን ስብከት በደቂቃ።" "አሥራ አንድ፤ የዴልመር እግሮች በቁምጣ።" አሸንፎ የማያውቅ ሰው እንኳ ለነቆራው ሲል ይመጣ ነበር።

ቤታቸውን ሸጠው መንገድ ሲጀምሩ ማርሊስ ቅርጫቱን ከሳህኖቿ አስቀድማ ጫነችው። በየሳምንቱ በኢንተርኔት እየገባች፣ ፊቷ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን እየታየ ቁጥር ልትጠራ ከኮሚቴው ጋር ተስማማች። ያኔ ነው ትዊላ እጇን ያወጣችው። ትዊላ ካርድ አዳይ ናት፤ ካርዱን እያደለች ያንን የጠሪ ወንበር ስታይ የኖረች ሴት።

"ይሁን" አለች ትዊላ። "ግን ስክሪኑ አንዲት ረቡዕ ከጠፋ ወንበሩ የኔ ነው።"

ኮሚቴውም አጸደቀው።

ስለዚህ ማርሊስ የሁለት ኩባንያ ሲም ካርድ ያዘች፤ አንዱ ሲከዳ ሌላው እንዲደርስላት። በመኪናው ጣሪያ ላይም የሚቆምና የሚታጠፍ ረጅም የአንቴና ምሰሶ አስተከለች። ምሰሶ ያለው የመንገድ ሰው ሁሉ አንድ ልማድ አለው፤ ምሰሶው ሲቆም የልብስ መቆንጠጫ መሪው ላይ ይሰካል። ሊነዳ የተቀመጠ ሰው መቆንጠጫዋን ሲያይ "ለካ አንቴናው ቆሟል" ብሎ ያጥፈዋል። መቆንጠጫ ከሌለች ምሰሶው ተኝቷል፣ መንዳት ነው።

ያን ረቡዕ ጠዋት መሪው ላይ መቆንጠጫ አልነበረችም። ዴልመርም እያፏጨ ነዳ። ነዳጅ ሊቀዱ ማደያው ጣሪያ ሥር ሲገቡ ከአናታቸው በላይ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ቀጭ አለ።

ማርሊስ ወርዳ ቀና ብላ አየች። የማደያው ጣሪያ ምንም አልሆነም። ምሰሶው ግን እንደ ሸንኮራ ተሰብሮ፣ ጫፉ በሽቦ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

"መቆንጠጫዋስ?" አለች።

 የዴልመር ዓይን አሳበቀበት፤ ወደ መቀመጫዎቹ መሃል ሄደ። መቆንጠጫዋ የድንች ጥብስ ከረጢት አፍ ይዛ ተቀምጣለች።

"እንዳይለሰልስ ብዬ ነው።"

"ጥሩ አድርገሃል። ጥብሱስ ደህና ሰንብቷል።"

ስብርባሪውን አስረው ሲጨርሱ ቀኑ ተገባዶ ነበር። ሳይመሽ የሚደረስበት ቦታ ቀይ ገደል ሥር ያለ አንድ ካምፕ ብቻ ነው። እዚያ ሲደርሱ ሁለቱም ሲም ካርዶች ዝም አሉ። ማርሊስ ከጎናቸው ወደ ሰፈረችው ሴት ሄደች፤ ኦዲል ትባላለች፣ ከኬቤክ ብቻዋን እየነዳች የመጣች መበለት ናት።

"እህቴ፣ የኢንተርኔት ዲሽ ይኖርሽ ይሆን?"

"የለኝም" አለች ኦዲል። "እኔ እዚህ የመጣሁት ልጆቼ እንዳያገኙኝ ነው።"

ማርሊስ ተመልሳ ከመኪናው ኋላ ባለው መሰላል ጣሪያው ላይ ወጣች። ዴልመር መሰላሉን ያዘ። ላይ አንዲት መስመር ኔትወርክ ብልጭ አለች። ማርሊስ ቅርጫቷን አስመጥታ ቪዲዮውን ከፈተች። የኬልሰን አዳራሽ ታየ፤ ሰው ግጥም ብሏል። ከዚያ ምስሉ ደርቆ ቀረ።

"ማርሊስ" የሚል የትዊላ ድምፅ መጣ፣ "አንድ ዓይንሽ ተከድኖ ግድግዳችን ላይ ቀርተሻል።" ወዲያው ስክሪኑ ጠፋ።

ማርሊስ ቅርጫቱን አቅፋ ትንሽ ተቀመጠች። ቀጥላ እንደ ድሮው በተራ ስልክ ደወለች። ጥሪው ገባ።

"ጠፋሽ" አለች ትዊላ።

"ጠፋሁ። ወንበሩ ላይ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ይመቻል?"

"ይቆረቁራል። ይልቅ እየሰማሽ ተማሪ" ብላ የስልኩን ድምፅ ለአዳራሹ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ በአዳራሹ አሮጌ ቅርጫትም መጥራት ጀመረች። "አርባ።" የሳቀ የለም። "ሰባ ሦስት።" አንድ ሰው አሳለው። የመብራት ቆጣሪ የምታነብ ነው የምትመስለው። "ሃያ ሁለት።"

ማርሊስ አላስቻላትም። "ትዊላ ዕድሜዋን ስትጠየቅ የምትመልሰው" አለች ከጣሪያው ላይ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማርሊስ ስልኩ ይዘጋል ብላ ጠበቀች። የቅርጫቱ መንኳኳት ተሰማ።

"ሰባ አንድ" አለች ትዊላ፣ በዚያው በደረቅ ድምፅ። "ማርሊስ ስትጠየቅ የምትደብቀው።"

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። አንዷ ትወረውራለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች። ኦዲል ወንበሯን ይዛ መኪናው ሥር መጣች፤ ከካምፑም ሦስት አራት ሰው ተከተላት፤ ካርድ ሳይኖራቸው ይስቃሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ትዊላ ስልኩን አነሳች።

"ስምምነት ስምምነት ነው፤ ወንበሩ የኔ ነው። አፉ ግን ያንቺው ይሁን። ረቡዕ ደውዪ።"

ማርሊስ ወረደች። ዴልመር መሰላሉን አልለቀቀም።

"ወሰደችብሽ?"

"ወንበሩን ወሰደች። እኔ በስልክ ነኝ።"

ዴልመር አንድ ጣቱን አነሳ። "ለስልክ አንዲት መስመር ከበቃች... የሱፐርማርኬቱ ጀርባ ቀረ ማለት ነው?"

"ቀረ።"

በሚቀጥለው ረቡዕ ገደል አፋፍ ላይ ሰፈሩ። መቆንጠጫዋ የምትጠብቀው ምሰሶ ስለሌለ የድንች ጥብሱ ላይ ቋሚ ሥራ አገኘች። ማርሊስ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ትዊላን እየነቆረች ከወዲያ ወዲህ ትንጎራደዳለች። ዴልመር ከረጢቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተደላድሏል።

"አንቺ ሴትዮ" አላት፣ "ትንሽ ፈቀቅ በይ፤ ተራራውን ከለልሽብኝ።"