ከሰላይ ሳተላይት የተሸሸግሁበት ጃንጥላ

ዛሬ፣ በሁዳዴ ጾም፣ ቡሬ አጠገብ ባለው የቤተሰቦቼ ማሳ ከጭድ ክምር ጀርባ ጃንጥላ ዘርግቼ የተቀቀለ እንቁላል ስበላ ተያዝሁ።

ጃንጥላው ለፀሐይ አይምሰላችሁ። ከፍኖተ ሰላም ስመጣ መንገዱን ሙሉ ስለ ጦር ሰላይ ሳተላይት ሳነብ ነበር። መሬት ላይ ያለን ትንሽ ዕቃ ይለያል ይላል፤ ምን ያህል አጥርቶ እንደሚያይ ግን ባለቤቶቹ አይናገሩም። እንቁላሉን እየላጥሁ ቀና ብል ሰማዩ ጥርት ብሏል። ፈራሁ።

አክስቴ ከክምሩ በላይ ብቅ ያለውን ጃንጥላ አይተው መጡ።

«ምን ሁነህ ነው?»

«ሳተላይት እንዳያየኝ ነው፣ እትዬ።»

እንቁላሉን አዩት። «ፈጣሪንም በጃንጥላ ልትከልለው ኑሯል?»

ሳተላይቱ ያየው ጥብቅ ምስጢር ነው ይባላል። አክስቴ ያዩት ግን ከኔ ቀድሞ ፍኖተ ሰላም ገብቷል፤ አሁን የንስሐ አባቴ እየደወሉ ነው። አላነሳሁም።

እናንተስ ከሰማይ ስትሸሸጉ በምድር ማን ያዛችሁ?