«በፈቃዳቸው» የሚለው ቃል

በጥበቃነት በምሠራበት የእንጅባራ ማንበቢያ ቤት ዘወትር ዓርብ አንድ ሽማግሌ ይመጡ ነበር። ፈረሳቸውን ከአጥሩ ያስራሉ፤ አለንጋቸውን ሳልጠይቃቸው ያስረክቡኛል፤ ከዚያም የሰባዎቹን ዓመታት ጋዜጦች አስወጥተው በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። አንዳንዴ ቆም ብለው በቁራጭ ወረቀት ላይ አንዳች ነገር ይጽፋሉ። ጋቢያቸው ሰፊ ስለ ነበር ገጽ ቀድደው ይወስዳሉ ብዬ ጠረጠርኋቸው።

ባለፈው መስከረም ሲወጡ አስቆምኋቸው።

«አባቴ፣ ጋቢዎን ይግለጡልኝ።»

«እንካ፣ ፈትሽ። ቁንጫ ካገኘህ ግን የእኔ ነው፣ መልስልኝ» አሉ።

ከቁራጯ ወረቀት በቀር ምንም አልተገኘም። በእርሷም ላይ ጋዜጦቹ የወጡባቸው ቀኖች ተደርድረው፣ ከእያንዳንዱ ቀን ጎን «በፈቃዳቸው» የሚል ቃል ተጽፏል።

«ወንድሜ ከቆሰበር ገበያ ወደ መንደራችን ወደ ጥርባ ሲመለስ ከፈረሱ አውርደው፣ እጁን አስረው ለጦርነት ወሰዱት» አሉኝ። «ፈረሱ ብቻውን ቤት ገባ። ጋዜጣው ግን ወጣቶቹ በፈቃዳቸው ዘመቱ ይላል። አንድ ቀን እንኳ ሌላ ቃል ጽፈው እንደሆነ ብዬ ነው የምፈልገው።»

ወረቀታቸውን መለስሁላቸው፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅሁም። አለንጋቸውን እንኳ ሳይቀበሉኝ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህም አልመጡም። አለንጋው እስከ ዛሬ በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ነው።

አሁን ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስወጣ፣ በአራተኛ ክፍል ትምህርቴ፣ በወረቀታቸው መጨረሻ ላይ ካየሁት ቀን ጀምሬ ጋዜጦቹን በጣቴ እየተከተልሁ አነባለሁ። እስካሁን ያገኘሁት ያንኑ ቃል ነው።