ድዳው ጋኔን

ማርያማዊት ባል አላት ይባል ነበር፤ ባሏን ግን ያየ ሰው የለም። ዳባት ገበያ ዳር፣ በአንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናችንን ጎን ለጎን አድርገን ስንሰፋ አሥራ ስድስት ዓመት ኖረናል። ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣው ሁሉ ስሟን ሳያውቅ በፊት ይህን ያውቃል፦ ዓይነ ጥላ አለባት፤ ወዷት የያዛት ጋኔን ነው፤ ወንድ አያስጠጋም።

ነገሩ የተጀመረው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይግዛው የሚባል አስተማሪ ሽማግሌ ላከ። አባቷ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ፣ ሚስታቸው ከሞተችባቸው ያኔ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር፣ «ኮከቧን ልቁጠር» ብለው ሽማግሌዎቹን ሦስት ቀን አስጠበቁ። በሦስተኛው ቀን «ልጄን የያዛት አለ። ክታብ ሳላስርላት አልድርም» አሉ። መሪጌታን የሚያህል ሰው ሲናገር ማን ይከራከራል? ክታቡን በቀይ ቆዳ ሰፍተው አንገቷ ላይ አሰሩላት፤ «ሰባት ቀን ጾሜ በስምሽ ጻፍኩልሽ። ከተከፈተ ኃይሉ ያልቃል፣ እንዳትነኪው» አሏት። በወሩ ይግዛው የተሳፈረበት ሚኒባስ ኮሶዬ ላይ ተገለበጠና እግሩ ተሰበረ። በቃ። ዘመዶቹ «ጋኔኑ ቀንቶ ነው» ብለው ሌላ ዳሩት። ዛሬ የአራት ልጆች አባት ነው፤ ያ ቀናተኛ ጋኔን አራቱ ሲወለዱ የት ሄዶ እንደነበር የጠየቀ የለም።

ጠበልም ወሰዷት። ሰባት ቀን ሙሉ አጥማቂው በመስቀል እየደበደቡ «ማን ነህ? የት ያዝካት? ተናገር!» ይሉታል። አጠገቧ ያለው ሁሉ ይጮኻል፣ ይለፈልፋል፣ «ለቀቅኩ! ለቀቅኩ!» እያለ ይወድቃል። እሷ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ «በረደኝ» ብቻ ትላለች። በመጨረሻ አጥማቂው ደከማቸውና «ድዳ ጋኔን ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ክፉ ነው» ብለው አሰናበቷት። ከዚያ ወዲህ የጠየቃት ወንድ አልነበረም። የአባቷ ዓይን ጨርሶ ከጠፋ በኋላ፣ በዚያ ድንጋይ በሚበዛበት መንገድ እጃቸውን ይዛ ደብር ታደርሳቸዋለች፣ ትመልሳቸዋለች፣ ከዚያ መጥታ መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች። ኑሮዋ ይኸው ነበር።

አምና አለምነህ መጣ። የበየዳ ሰው ነው፤ ሚስቱ ሞታበታለች፤ ባና፣ ያን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ እያመጣ ይሸጣል። ጠርዙን እንድትሰፋለት እያለ በሳምንት በሳምንቱ መምጣት አበዛ። የባና ጠርዝ ያን ያህል እንደማይፈታ ሰፊ ነኝና አውቃለሁ። ከሌላ ከሚሰማ ብዬ ስለ ጋኔኑ ነገርኩት።

«በእኛ አገር ሰው የሚገድለው ገደል ነው» አለኝ። «እሱን ደግሞ ለምጄዋለሁ።»

እሷ ግን እንቢ አለች። «እወደዋለሁ፤ ለዚህ ነው የማላገባው» አለችኝ እያለቀሰች። «ይግዛውን እግሩን ብቻ ነው የሰበረው። ይሄኛውን ቢገድልብኝስ?» አለምነህ «ፍልሰታ እስኪፈታ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን በዚህ መንገድ አልመላለስም» ብሎ ወደ አገሩ ሄደ።

ፍልሰታ ሊፈታ አምስት ቀን ሲቀረው የክታቡ ቆዳ በላብ አልቆ ተተረተረ። ማርያማዊት አዲስ ቆዳ ልታለብሰው ከአንገቷ ፈታችው። ስትገለብጠው ብራናው ወጥቶ ጭኗ ላይ ተዘረጋ። ልትሸፍነው ስትል እጇን ያዝኳት።

«አንብቢው» አልኳት። ዳዊት የደገመች ናት፤ በልጅነቷ አባቷ አስተምረዋታል።

አነበበች። ስሙ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ደጋግማ አየችው።

«‹ዕቀባ ለአመትከ ወለተ ኪዳን› ይላል» አለች። «አገልጋይህን ወለተ ኪዳንን ጠብቃት።»

«ታዲያስ?»

«የእኔ የክርስትና ስም ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ወለተ ኪዳን እናቴ ናት።»

ክታብ የሚሠራው ለክርስትና ስም ነው። ስሙ የሌላ ሰው ከሆነ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ቁራጭ ቆዳ ነው። ይህን ደግሞ ከመሪጌታ የበለጠ የሚያውቅ በዳባት የለም። እኔ በንዴት ጆሮዬ ጋለ። እሷ ክሯን ጠቀለለች፣ መኪናዋን ሸፈነች፣ ተነሣች። ተከተልኳት።

መሪጌታ ደጃፍ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ዜማ ያንጎራጉራሉ። ብራናውን እጃቸው ላይ አደረገችው።

«አባባ፣ ይሄ የእማማ ነው።»

ጣታቸው ብራናውን ዳበሰ። ዜማው ቆመ።

«በጠበል ሰባት ቀን ጠይቀውት ዝም አለ» አለቻቸው። «እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። ማን ነው የያዘኝ?»

መሪጌታ ብራናውን ጠቀለሉት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ፣ ልጄ። ዓይኔ ፊደል መለየት ትቶ ነበር፤ አዲስ መጻፍ ስላልቻልኩ የእናትሽን ክታብ አሰርኩልሽ። እናትሽ የለች። አንቺም ከሄድሽ ማን እጄን ይዞ ደብር ያደርሰኛል አልኩ። ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ የልጁ እግር ተሰበረ፤ የራሴ ውሸት እውነት መሰለኝና ፈራሁ።»

ማርያማዊት አልጮኸችም። እግራቸው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት፣ አባባ» አለች፤ ከዚያ ዕንባዋ መጣ። መሪጌታ በእጃቸው እየፈለጉ ራሷን አገኙት።

«ሂጂ» አሉ። «ለቅቄሻለሁ።»

ፍልሰታ ተፈታ፤ አለምነህ መጣ፤ ዘመድ ብቻ በተጠራበት ሰርግ ወስዷት ሄደ። በዓል ሲሆን እየመጡ ይጠይቁናል፤ አለምነህ እስካሁን ደኅና ነው፣ እንዲያውም ወፍሯል።

በየዕለቱ የመሪጌታን እጅ ይዤ ደብር የማደርሳቸው አሁን እኔ ነኝ። ይቅር አላልኳቸውም። መንገዱ ግን ድንጋይ ይበዛበታል።