ምላጭ ስር ያለ ሰው አይከራከርም

የእህቴን ባል ሠፈሩ ሁሉ «ዳኛው» ይለዋል። ችሎት ገብቶ አያውቅም፤ ፀጉር አስተካካይ ነው። ዳኝነቱን የሰጠው ወንበሩ ነው። እኔ ሰዓት ጠጋኝ ስሆን የምሠራው እሱ ሱቅ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ባስቀመጥኳት የመስታወት ሳጥን ላይ ነው። ስለዚህ ፍርዱን ሁሉ ሰምቻለሁ። ይግባኝ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

የሱቁ ሕግ አንድ ነው፦ ምላጭ ስር ያለ ሰው አይከራከርም። ሕጉ ሲወጣ ለደኅንነት ነበር። አንዱ ደንበኛ ስለ ኳስ ሲጮህ አገጩ ተቆረጠና ሱቁ ደም በደም ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዳኛው ምላጩን ካነሳ ደንበኛው ዝም ይላል፤ ዳኛው ግን ይናገራል። ተራ የሚጠብቁትም ቆይተው እዚያው ወንበር ላይ አንገታቸውን እንደሚሰጡ ስለሚያውቁ «ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» ይላሉ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰውዬው ተሸንፎ የማያውቅ ተከራካሪ ሆኖ አረፈው።

ዋናው ተከሳሽ ሻምፒዮኑ ነበር። ሻምፒዮኑ የዚሁ ሠፈር ልጅ ነው፤ የቦክስ ቀበቶውን ለብዙ ዓመት ይዞ ኖሮ በቅርቡ ጓንቱን ሰቀለ። በዘመኑ ሊያሸንፈው ይችላል የተባለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቀን ድንጋይ እየጠረበ ማታ የሚለማመድ ቦክሰኛ፣ «ግንበኛው» የሚሉት። ሁለቱ የሚገጥሙበት ቀን ተቆረጠ፤ ሻምፒዮኑ እጄን አመመኝ ብሎ ቀረ። እንደገና ተቆረጠ፤ ኪሎዬ አልወርድ አለኝ አለ። ሦስተኛው ሲጠበቅ ግንበኛው ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ወድቆ ትከሻው ተሰበረ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። ሻምፒዮኑ በመሃል የገጠመው ማንን ነው? አንድ ጉልበቱ የከዳው የቀድሞ ባለ ቀበቶ፣ አንድ ከሕመም የተነሳ፣ አንድ ደግሞ እጁ አጭር ሆኖ ፊቱ ድረስ የማይደርስለት። ሁሉንም በዝረራ ጣላቸው።

«ቦክሰኛ አይደለም፣ ገበያተኛ ነው!» ይላል ዳኛው ምላጩን በፎጣ እየጠረገ። «ቲማቲም እንደሚገዛ ሰው እየዳሰሰ የለሰለሰውን ይመርጣል። ጠንካራው ጋ ሲደርስ ኪሱ ይጠፋበታል!»

ወንበሩ ላይ ያለው አረፋ የተቀባ ፊት ምን ይበል?

እውነቱን ለመናገር ፍርዱ ልክ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ። ቀበቶ የታጠቀ ሰው ማንን እንዳሸነፈ ብቻ ሳይሆን ማንን እንዳልገጠመም ይጠየቃል። እጁ ታምሞ እንደሆነስ? ታምሞ ይሆናል። ግን ሰው ሊሄድበት ለፈለገው ቦታ ሌላ ቀን ይቆርጥለታል፤ ላልፈለገው ደግሞ ምክንያት ሲያገኝ ደስ ይለዋል። እኔን የሚያበግነኝ ይህን የሚፈርደው ማን እንደሆነ ማወቄ ነበር።

ዳኛው አንዲት ሴት ልጅ አለችው። እዚያ ሱቅ ውስጥ የወደቀ ፀጉር እየጠረገች፣ የፀጉር መቁረጫውን ቶንዶስ ዘይት እየቀባች ነው ያደገችው። እጇ ከአባቷ እጅ ይበልጥ ነበር፤ ይህን ያልኩት አጎቷ ስለሆንኩ አይደለም። ሱቁ ውስጥ ሁለተኛ ወንበር አለ፣ ማንም የማይሠራበት። አንድ ቀን ያንን ወንበር ስጠኝ አለችው።

«ወንድ ልጅ አንገቱን ለሴት ምላጭ አይሰጥም፤ ደንበኞቹ እሺ አይሉም» አላት።

«እሺ የማይሉት እነሱ ናቸው ወይስ አንተ?»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ!» አለ የደንበኛውን ወንበር እያመለከታት።

«አልቀመጥም። አንተ ፊት የተቀመጠ ሰው መልስ የለውም» ብላ ሽርጧን ፈታ ወጣች። ዞር ብሎ ባለው መንገድ ላይ የራሷን ሱቅ ከፈተች። አባቷ በዚያ መንገድ መሄድ ተወ። ዳቦ ሊገዛ እንኳ ሲወጣ ሠፈሩን ዞሮ ነው የሚመለሰው። ሁለተኛው ወንበር ፎጣ መከመሪያ ሆነ። እህቴ አልቅሳም ለምናም ሲያቅታት ተወችው።

ባለፈው ወር ልጅቷ ጋ ጎራ ስል እቃ በካርቶን ስታስገባ አገኘኋት።

«አጎቴ፣ ባሌ ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። ወሩ ሲያልቅ እንሄዳለን» አለችኝ። «አባዬ ይህን ሱቅ አንድ ቀን እንኳ ሳያየው ልዘጋው ነው?»

መልእክቷን አደረስኩ። ዳኛው መጀመሪያ ጉልበቴን አሞኛል አለ። በሌላ ቀን ሳነሳበት ቅዳሜ ነው፣ ደንበኛ እንዴት ጥዬ እሄዳለሁ አለ። ቀጥሎ ዝናቡ ያባራ አለ። ያን ዕለት ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ስለ ሻምፒዮኑ ኪሎ ሲያወራ ዋለ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች፣ አልኩ በሆዴ። አፍ አውጥቼ አለማለቴ ደግሞ ያናድደኛል፤ ግን የእህት ባል ነው፣ ሱቁም የሱ ነው።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ሻምፒዮኑ ራሱ ጺሙን አንዠርግጎ ገባ። ሰላምታ ሰጥቶ ወንበሩ ላይ ተንጋለለ። ዳኛው ጨርቁን ከነእጁ አሰረበት፣ አረፋውን ቀባ፣ ምላጩን ሳለ፣ ጉሮሮው ላይ አሳረፈ። ይፈራል ብዬ ስጠብቅ ክሱን ጀመረ! እጁን፣ ኪሎውን፣ ጉልበቱ የከዳውን ሰውዬ፣ ቲማቲሙን፣ አንዱንም አላስቀረም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሻምፒዮኑ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው።

መላጨቱ ሲያበቃ ተነሳ፤ ፊቱን በፎጣው ቀስ ብሎ አደረቀ።

«ጋሼ፣ ጨረሱ?»

«ጨርሻለሁ።»

«ያሉት እውነት ነው። የመጀመሪያው ጊዜ እጄ ተሰብሮ ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ግን ፈርቼው ነው። ሳስበው እንቅልፍ አጣለሁ፤ ያን ሰውዬ መግጠም ነበረብኝ።» ፎጣውን አጥፎ የወንበሩ እጀታ ላይ አኖረው። «አንድ ነገር ግን ልበልዎት። እኔ ደካማም ቢሆን እጁ ያልታሰረ ሰው ነው የመታሁት።»

ዞሮ ወጣ። ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ሌላው «ምን ያለ ጥጋበኛ ነው!» አለ። ያን ቀን ሙሉ ሰው ሲላጭ የሚሰማው የምላጩ ድምፅ ብቻ ነበር። እኔም ሰዓቶቼ እንዲህ እንደሚጮሁ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

በነጋታው ረፋድ ላይ ደንበኛ ተደርድሮ ሳለ ጋዋኑን አወለቀ።

«አማቼ፣ ተነስ እስቲ እንሂድ።»

«የት?»

«የት እንደሆነ ታውቃለህ።»

ዞሮ የሚሄድበትን መንገድ ትቶ በአቋራጩ ሄደ፤ ጉልበቴን አሞኛል ያለው ሰውዬ አላነከሰም። ልጁ ካርቶን እያሰረች ነበር። በመስታወቱ ውስጥ አየችው፤ ገመዱ ከእጇ ወደቀ። እሱ ገና ያልታሸገው ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠና አንገቱን አቃና።

«ጺሜን» አለ።

ጨርቁን አሰረችለት፣ አረፋውን ቀባችው፣ አንዱን ጉንጭ ላጨች። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ አሁን የልቧን ትነግረዋለች፣ ይበለው፣ ደግ ታደርጋለች ብዬ ጠበቅኩ። እሱም የጠበቀው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ዓይኑን ጨፍኗል።

እሷ ግን ምላጩን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወንበሩን ወደ ራሷ አዞረች፤ ጨርቁን ፈታ እጆቹን ነፃ አወጣቻቸው።

«ያኔ የጠየቅኩህን አልመለስክልኝም» አለች። «እነሱ ነበሩ ወይስ አንተ?»

ግማሽ ፊቱ የተላጨ፣ ግማሹ አረፋ ነበር። የወንበሩን እጀታ ጨበጠ፤ እኔን አየ፣ ወለሉን አየ፣ በመጨረሻ እሷን አየ።

«እኔ ነበርኩ» አለ። «ደንበኞቹን ጠይቄም አላውቅም።»

እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ ጨርቁን መልሳ አሰረችለት፤ የቀረው አረፋ ደርቆ ስለነበር ያኛውን ጉንጭ እንደ አዲስ ቀባችው።