በምሽግ የቀበርኩት ቆጮ

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ካርታ ላይ ቁጥር ነበረው፤ እኛ ግን አንድ ዛፍ እንኳ ስላልነበረበት «ራሰ በራው» እንለው ነበር። ከአገሬ ከኮቸሬ፣ ከሬኮ የእንሰትና የቡና ጥላ ወጥቼ እዚያ ስደርስ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «እዚህ አገር ሰው ምን ይበላል?» የሚል ነበር።

ይህን የምጽፈው ዲላ ቤቴን ተከራይተው ለሚኖሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቆጮ አቀረብኩላቸው። አንዷ አፍንጫዋን ይዛ «ጋሼ፣ ሲሪየስሊ፣ ይሄ ነገር ይሸታል» አለችኝ። አዎ ይሸታል! ማን አይሸትም አለ? ወራት ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ምግብ ሽቶ ሽቶ ይበል እንዴ? ቁጭ በይና ስሚ።

ከፈቃድ ስመለስ እናቴ ያልተጋገረ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ከረጢቴ ውስጥ ከተተችልኝ። እኛ ጋ ቆጮ ከእንሰት ተፍቆ፣ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚብላላው፤ በቆየ ቁጥር ይጥማል። ስለዚህ ምሽግ እንደገባሁ የእንሰት አገር ሰው ብቻ የሚያደርገውን አደረግሁ። ጥግ ላይ ወለሉን በአካፋ ቆፍሬ፣ ቅጠል አንጥፌ ቀበርኩት፤ ድንጋይም ጫንኩበት።

በሦስተኛው ቀን ሽታው ወጣ። የጓዱ መሪ አሥር አለቃ ደምሴ ምሽጉን እያሸተተ ዞረና «ማነው እዚህ ሬሳ የደበቀው?» አለ። ስነግረው ጦፈ። «ዛሬውኑ ከምሽጌ ይውጣ!»

አወጣሁት። ከዚያ ከምሽጉ ጀርባ መልሼ ቀበርኩት። ትእዛዝ መጣስ ነው፤ አውቃለሁ። አልጸጸትም።

ያየኝ ሙደሲር ብቻ ነበር። ሙደሲር የዲላ ልጅ ነው፤ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ሐጂ ናቸው። ቆጮ ያውቃል፤ የኛን ግን አይቀበልም። «ቆጮማ የኛ ነው፤ የናንተ ጭቃ ነው» ይለኛል። «የናንተ ያለ ክትፎ አይዋጥም» እለዋለሁ። መትረየሱ አጠገብ ተጋድመን በዚህ ስንጨቃጨቅ እንውላለን። በጣም እወደው ነበር።

ከዚያ ተቆረጥን። የስንቅ መኪና የሚመጣበትን መንገድ ጠላት በመድፍ ዘጋው። ውሃ በጀሪካን ነበረን፤ ምግብ ግን አለቀ። በአራተኛው ቀን የመጨረሻውን ኮቾሮ፣ ያንን ጥርስ የሚሰብር የወታደር ደረቅ ብስኩት፣ በሰደፍ ፈርክሰን ለዘጠኝ ተካፈልን። በአምስተኛው ቀን ምንም። የመትረየስ ተኳሹ የጥይት ሣጥን ማንሳት አቃተው።

«እንዲህ ሆነን ዛሬ ቢመጡብን አለቀልን» አለ አሥር አለቃ። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ኮቸሬ፣ ያን ነገር የት ጣልከው?»

«አልጣልኩትም።»

ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ። «ተመስገን!» አለ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ቀጭን ጭስ ከሩቅ አይለይም። የጥይት ሣጥን ክዳን ቀለሙን አቃጥለን፣ በአፈር ፈትገን፣ እንደ ምጣድ በደረቅ እሾህ እሳት ላይ ጣድነው፤ ቆጮውን ቆፍሬ አውጥቼ መጋገር ጀመርኩ።

በእናቴ ግቢ የቆጮ ጉድጓድ ሲከፈት የመጀመሪያው ለጎረቤት ነው የሚሄደው። እሱ ሳይሄድ ማንም አይቀምስም። የኛ ጎረቤት በግራ በኩል ያለው ሁለተኛው ጓድ ነበር፤ ሰባት ሰዎች፣ እንደኛው የተራቡ። በመካከላችን ስልሳ እርምጃ ያህል ገላጣ ነበር።

«የመጀመሪያው ለነሱ» አልኩ።

«አብደሃል እንዴ? እኛው መች ቀመስን!» አለ ተኳሹ።

«እንግዲያው አልጋግርም።» ክዳኑን ከእሳቱ ላይ አወረድኩ። እልኸኛ ነኝ፤ ያኔም ነበርኩ። አሥር አለቃ ራሱን ነቀነቀና ክዳኑን በእጁ መልሶ እሳቱ ላይ ጣደው።

ትኩሱን ጠቅልዬ ልነሳ ስል ሙደሲር ያዘኝ። «አምጣው ባክህ፣ አንተ ስትሮጥ ግመል ነው የምትመስለው። ደግሞ አንተ ከሞትክ ማን ሊጋግር ነው?» ብሎ ከእጄ ወሰደው። ለቀቅሁለት።

ጎንበስ ብሎ ሮጠ። ደረሰ። ከወዲያ እጃቸውን ሲያወዛውዙ አየን። ሲመለስ ሞርታር ወደቀ። አንድ ብቻ። አቧራው ሲገለጥ ሙደሲር አልተነሳም።

የቀረውን እያለቀስኩ ጋገርኩት። በላን።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መጡ። የመጡት በግራ፣ በሁለተኛው ጓድ በኩል ነበር። ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ግራው አልተነቃነቀም። በማግስቱ ረፋድ ላይ መንገዱ ተከፈተ፤ ደጀን ጦር ደረሰልን።

ተሰልፈን ተቆጠርን። ከአሥራ ስድስት አምስት ጎደልን። ከሁለተኛው ጓድ ሦስት፤ ከኛ አሥር አለቃ ደምሴና ሙደሲር። ከጠላት በኩል የወደቁትን አልቆጠርኩም፤ እነሱም እናት ነበራቸው።

ዲላ ስገባ በቀጥታ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። እንደምንም ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ነገሩን ያመጣሁት እኔ መሆኔንም አልደበቅሁም። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ሐጂ በእጃቸው የያዙትን ጨርቅ ሲያጣጥፉ፣ መልሰው ሲዘረጉ ቆዩ።

«ሲሄድ ነው ወይስ ሲመለስ?» አሉኝ።

«ሲመለስ ነው፣ አባባ።»

«የያዘውን አድርሶ ነበር?»

«አድርሶ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ። አማናውን፣ አደራውን፣ አድርሷል ልጄ» አሉ። ከዚያ ጨርቁን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

«ለቁራሽ ቆጮ ሰው አስገደልክ» ያሉኝ አሉ። ይበሉ። ሰባት ሰው ስልሳ እርምጃ ላይ እየራበው ጀርባ ሰጥቶ መብላት እኛ ቤት አልተማርኩም፤ ጦርነትም ቢሆን አላስተማረኝም። እንዲያ ከበላሁ ኮረብታውን ለምን እንደምጠብቅ ራሱ ይጠፋብኛል።

«ዛሬ ቢሆን ሙደሲርን ትልከው ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አልልከውም። ራሴ እሄዳለሁ። ቆጮው ግን ይሄዳል።