ዘይነባ ስሜን የጠራችበት ቀን

ከሸዋ ሮቢት በወጣንበት ምሽት ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጥ ነበር፤ ትንኙም ሊሸኘን እስከ ካራቆሬ ተከተለን። እኔና ባለቤቴ ዘይነባ በጭነት መኪና፣ በቡና ጆንያ መሃል ተጣብቀን አሰብ ገባን፤ ከዚያ በጀልባ ዓደን። ወገኖቼ፣ ከእንግዲህ የሮቢትን ሙቀት ባማ አፌ ይቆረጥ! ከዓደን ጋር ሲተያይ ሮቢት ደብረ ብርሃን ናት።

ወደቡ ላይ እንደ በርበሬ የቀላ እንግሊዝ ጠበቀን። ገና ስንወርድ «ሰፐሬት!» አለ፤ ወንድና ሴት ለያዩን። «ቴክ ኢት አፓርት!» አለ፤ ጓዛችንን እስከ አገልግሉ ክዳን በታተኑት። የተሰበሰበውን ሰው «ብሬክ አፕ!» ብሎ በተነው። ይህ ሕዝብ ለመለያየት ያለው ቃል ከሮቢት ትንኝ ይበዛል! አስተርጓሚው ጋሽ ይመር፣ የወሎ ሰው፣ እያንዳንዱን ይነግሩናል። እኔ እስቃለሁ።

ተራችን ሲደርስ እንግሊዙ እኔንና ዘይነባን አንድ ላይ አቁሞ ፓስፖርታችንን ገለጠ። «ሚስትህ ከሆነች ስምህን ለምን አልያዘችም?»

«የራሷ አባት እያላት የኔን አባት ምን ታደርገዋለች?» አልኩ። ጋሽ ይመር ይህን ሳይተረጉሙ ዋጡት።

ወደ ዘይነባ ዞረ። «ባልሽ ማን ይባላል?»

መሬት መሬት እያየች፣ «እሳቸው ናቸው» አለች።

«ስማቸውን ነው የሚልሽ፣ እህቴ» አሉ ጋሽ ይመር።

«የቤቴ ጌታ ናቸው።»

በኛ ዘንድ ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም። የዘይነባ እናት ደግሞ «በስሙ የጠራሽው ቀን ትለያያላችሁ» ብለው ነው የዳሯት። ስሜን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም።

«አታውቀውም!» አለ እንግሊዙ። «ስፕሊት ዘም! ለያዩአቸው! ሴትየዋ በመጣችበት ትመለስ።»

ወታደሩ ክንዷን ያዘ። ጀልባው ገመዱን እየፈታ ነው። እንኳን ቀልድ ምራቅም ከአፌ ጠፋ።

«ዘይነባ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ጥሪኝ!»

«ብንለያይስ?»

«አሁን ምን እያደረጉን ነው ታዲያ?»

ዓይኗን ጨፍና «ሁሴን!» ብላ ጮኸች። እንግሊዙ ራሱ ደነገጠ። ማህተሙን መታልን።

ይኸው ገባን። ግን ከወደብ ሥራ ጥቂት ባመሽ በር ላይ ቆማ አገኛታለሁ። መርከብ ሲጮህ ሽርጤን ጭብጥ ታደርጋለች። እኔም አሁን አሁን መንገድ ስሻገር ግራ ቀኙን ደጋግሜ አያለሁ።

ባለፈው እናቷ አዲስ አበባ ሌላ ልጃቸው ዘንድ ሄደው፣ ከቤታችን በታች ባለው ባለሱቅ ስልክ ደወሉልን።

«አብራችሁ ናችሁ?» አሉ፣ ከሰላምታው በፊት።

ዘይነባ እጄን ያዘች። «አዎ እማዬ፣ እሳቸው እዚሁ አጠገቤ ናቸው።»

መስመሩ ተቋረጠ። ባለሱቁ ስልኩን ከእጇ ተቀበላት፤ የኔን እጅ ግን አለቀቀችም።